በእርጥብ ላይ የሚይዝ ሙጫ

አንጀቱ ተኝቷል ይላሉ። ያልተኛሁት እኔ ነኝ፤ አንጀቴስ ከነቃ ሁለት ቀኑ ነው፣ ይህን ደግሞ በዚህ አራት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከምሳ በኋላ መጋረጃ ይሳባል፣ መብራት ይጠፋል፣ በሽተኛ ሁሉ ይተኛ ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን በቀን ጋደም ብሎ የማያውቅ ሰው ፀሐይ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችው እንዴት አድርጎ ይተኛል? ሦስቱ ጎረቤቶቼ ግን ታዘዙና ተኙ። እኔ የጣሪያውን ካሬዎች እቆጥራለሁ፣ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ውሃ ነክቶት ቢጫ ሆኗል፣ እሱን እያየሁ አስር ሰዓትን እጠብቃለሁ። አስር ሰዓት ላይ ረጅሙ ቀዶ ሐኪም ይመጣል፣ ወደ ምድር ቤት ይዘውኝ ይወርዳሉ፣ ሆዴን በትልቁ ማሽን ፎቶ ያነሱታል፣ ማሽኑ ካልለየላቸው ከፍተው ያዩታል፤ ከከፈቱ ደግሞ የቀጠሉትን ፈትተው የአንጀቴን ጫፍ በሆዴ በኩል አውጥተው ከረጢት ያንጠለጥሉበታል፣ ለስንት ወር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ በአንዲት ቃል ማስቀረት እችል ነበር፤ ቃሏ ጠፍታኝ አይደለም፣ ምላሴ ላይ ናት፣ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለማን ብሎ፣ እንዴት ብሎ ይናገራል?

ሥራዬ ጫማ ነው። አገሬ ሳለሁ ጫማ ነበር፣ እዚህ ከመጣሁም አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሶል እለጥፋለሁ፣ ተረከዝ እቀይራለሁ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ምስማሮቹ በቆርቆሯቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። የሰዎቹን ቋንቋ ለጫማ የሚበቃ አውቃለሁ፤ «ሶሉ አልቋል»፣ «ሐሙስ ይምጡ»፣ «ይሄ እንኳ አይድንም»። ለአንጀት የሚበቃ ግን አላውቅም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ዶክተሩ ያስረዳኝ በስልክ አስተርጓሚ ነው፤ ስልኩን አልጋው ላይ በመሃላችን ያስቀምጡታል፣ ከውስጡ አንዲት ልጅ በአማርኛ ትናገራለች፣ የት እንዳለች አይታወቅ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅ፣ ድምፅ ብቻ ናት፣ ጋሼ ትለኛለች። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ቱቦ ሳለ፣ ቱቦው ላይ እብጠት ሳለ፣ እብጠቱን ግራና ቀኝ በመስመር ቆረጠው፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች አገናኘ። «ይሰፋል» አለችኝ ልጅቱ፣ «ከዚያ እንዳያፈስ በስፌቱ ላይ ሙጫ ይቀባበታል።» ሙጫ ስትል ከትራሴ ቀና አልኩ። እስከዚያ ድረስ ያሉኝን ሁሉ እሺ እያልኩ ነበር የምሰማው፣ አሁን ግን በሙያዬ መጡብኝ። ምን ዓይነት ሙጫ? በሁለቱም ፊት ነው የሚቀባው ወይስ በአንዱ? ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? ደግሞስ የሰው ሆድ ውስጥ፣ እርጥብ ላይ፣ እንዴት ብሎ ይይዛል? ልጅቱ እየሳቀች አስተረጎመች፣ ዶክተሩም እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

እርጥብ ላይ ማስቲሽ የቀባ ሰው ጋሽ ወስፌ ዘንድ ሁለተኛ አይገባም። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ምላሱም ይወጋል፣ ወስፌ የተባለው በከንቱ አይደለም። ዝናብ የጠጣ ጫማ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲያይ «ሂድና አድርቀህ ና፣ እኔ ዓሣ አልሰፋም» ይለዋል። ትሞርደዋለህ፣ ታጸዳዋለህ፣ ታደርቀዋለህ፣ ትቀባዋለህ፣ ትታገሳለህ፣ መዶሻ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚወድቀው ትዕግሥቱ ላይ ነው፤ ማስቲሹ ጣትህን ሳያቆሽሽ ሳብ ማድረግ እስኪጀምር ድረስ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ አለብህ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀህም ቢሆን። «ማስቲሽ ጓደኛ ነው፣ ክር ዘመድ ነው» ይል ነበር፤ ጓደኛ ቶሎ ይይዝሃል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የማይለቅህ ዘመድ ነው ማለቱ ነው፣ የራሱ ዘመዶች ግን አንድም ቀን ሲጠይቁት አላየሁም፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ዶክተሩ ሲመልስልኝ ይህ ሙጫ ከደም የሚሠራ ነው አለ፤ ደም ሲረጋ እርስ በርሱ የሚያያዝበትን ነገር ለይተው ያወጡታል፣ ስለዚህ እርጥብ አይፈራም፣ ጊዜው ሲደርስ ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል። «ስፌቱን አይተካም፣ ያግዘዋል እንጂ» አለ። «ይጠቅማል የሚሉ አሉ፣ ብዙም ለውጥ የለውም የሚሉም አሉ፣ ገና እየተጠና ነው፤ ፈቃደኛ ከሆንክ ትፈርማለህ።» ወዲያው ፈረምኩ። ለምን ቢሉ፣ አላውቅም ማለት የሚችል ባለሙያ ስላገኘሁ ነው። ጋሽ ወስፌ «ይሄን ጫማ እንጃ» ካለህ ጫማው አምስት ዓመት ይሄዳል፣ «ምንም አይሆንም» ካለህ ግን ፍራ። አንዲት ነገር ብቻ ታዝቤያለሁ፤ የዶክተሩ የቀኝ እግር ጫማ ሶሉ ከፊት በኩል አፉን ከፍቷል፣ ሲራመድ ጠብ ጠብ ይላል። በየጠዋቱ ከበሩ ላይ ሲገባ የምሰማው እሱን ነው፣ እጄን ይበላኛል።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ነው ፈተናው ተብያለሁ፣ ካፈሰሰ የሚያፈስሰው ያን ጊዜ ነው፣ ስለዚህ የምትሰማውን ሁሉ ንገረን ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ። እንግዲህ ሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሆዴ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ እንደገና አጉረመረመ፤ ብርድ ልብሱን ግራና ቀኝ ወተፍኩ፣ ቁስሌን በትራስ ደገፍኩ፣ አንድ ሁለቴ ሳልኩና በሳሉ ተገን ለቀቅኩት። ሆዴ ቅልል አለኝ። ተመስገን አልኩ፣ የኔና የፈጣሪዬ ጉዳይ ነው፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ። ረፋዱ ላይ ነርሷ መጣች፤ አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትራመድ ድምፅ የላትም፣ ጥሩ ጫማ ነው የምታደርገው። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችና የሆነ ነገር ጠየቀች። ከዚያ ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ከታች በኩል... አየር ወጥቶልዎታል ወይ እያለች ነው።» ወይ ጉድ! የሰው ልጅ፣ ያገሬ ልጅ፣ የእህት ልጅ የምትሆነኝ ልጅ፣ ጋሼ ብላ አክብራ ጠርታኝ! ነርሷ ሽታው ደርሷት የምትወቅሰኝ ነው የመሰለኝ፤ ለሕክምና ይፈልጉታል ብሎ ማን ያስባል? «ኧረ በፍጹም! ምን ሲደረግ!» አልኩ፣ ተቆጥቼም ጭምር። ልጅቱ እፎይ ያለች መሰለኝ፣ ነርሷ አንገቷን ነቀነቀችና ጻፈች። ትናንትም ጠየቀችኝ፣ ትናንትም በፍጹም አልኩ፣ ትናንትም ተጻፈ። እኛ ሰፈር በሰው ፊት ያመለጠው ሰው አገር ጥሎ ይሰደዳል እየተባለ ነው ያደግነው፤ እኔ ደግሞ አስቀድሜ ተሰድጄ ቁጭ ብያለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልሂድ?

ሾርባውስ። ያንኑ ቀን ነርሷ ሾርባ ይዛልኝ መጣች፣ ትንሽ ሳህን፣ እንፋሎቱ እየወጣ። ሦስት ቀን ከግሉኮስ በቀር ያልቀመሰ ሰው ነኝ፣ ሽታው ሲደርሰኝ አፌ ውሃ ሞላ። «ትፈልጋለህ?» አለች፣ ይሄን ያለ አስተርጓሚም እሰማለሁ። «አይ፣ ይቅርብኝ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት እሺ ይላል፣ ያልበላ ይመስል? በሞቴ እስክትለኝ ነው የምጠብቀው፤ እምቢ እላለሁ፣ አፈር ስሆን ትለኛለች፣ እንደገና እምቢ እላለሁ፣ ከዚያ «እንግዲህ እንዲህ ካልሽ ትንሽ» እላለሁ፣ እንዲህ ነው ደንቡ። ሴትዮዋ እሺ ብላ ሳህኑን አንስታ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ! ዓይኔ ሾርባውን ተከትሎ እስከ በሩ ድረስ ሸኘው። ማታም እንደዚያው። ትናንት እንኳ ከጠዋት ጀምሬ «ዛሬስ ወዲያው ነው እሺ የምለው» ብዬ ስለማመድ ዋልኩ፣ ልክ ስትጠይቀኝ አፌ በራሱ «አይ፣ በቃኝ» አለ፣ ምኑ እንደበቃኝ እንጃ። ይሄም ተጻፈ። በአጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ግን፣ እሳቸው እንኳ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፣ የሳቸው ሲወጣ ደወል ነው የሚደውሉት! ነርሷ እየሮጠች መጥታ ታጨበጭብላቸዋለች፣ ሾርባ ይመጣላቸዋል፣ እሳቸውም ልጅ እንደዳሩ አባት ይንቀባረራሉ። ሰዎቹ አብደዋል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ጠብ ጠብ እያለ መጣ፣ ወረቀቴን አነበበ፣ ፊቱ ጠቆር አለ። ከኋላው ሁለት ተማሪ ሐኪሞች ቆመዋል። «ጋሼ» አለች ልጅቱ ከስልኩ ውስጥ፣ ድምፅዋ እንደሌላው ቀን አይደለም፣ «አምስተኛ ቀንዎ ነው፣ አንጀትዎ እስካሁን አልነቃም፣ ምግብ እምቢ ብለዋል፣ ሙቀትዎም ትንሽ ጨምሯል። መጋጠሚያው ጋ የሚያፈስ ነገር እንዳይኖር ሰግቷል። አየር ወጣ ወይ የሚሉት እኮ መንገዱ ከላይ እስከ ታች ክፍት መሆኑን የሚያውቁት በሱ ስለሆነ ነው።» በሙቀቱስ አልፈርድባቸውም፤ መስኮት ስለሚከፍቱ ብርድ እንዳይመታኝ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጃኬቴን ራሴ ላይ ጠምጥሜ ነው የማድረው፣ ሊጥ አጠገቤ ቢያስቀምጡ ኩፍ ይላል። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ከፈትኩ። ዶክተሩ ያየኛል፣ ነርሷ ታየኛለች፣ ሁለቱ ተማሪዎች ያዩኛል፣ ያቺ ልጅ ጋሼ ብላኝ ትጠብቃለች። ሁለት ቀን ሙሉ በፍጹም ሲል የከረመ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል? ውሸታምነቱስ? አፌን መልሼ ዘጋሁት፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል ብዬ፤ ይሄ ሆድ ግን አሁን ከአገር የሚሰፋ ሆድ አይደለም፣ በክርና በሙጫ የተያዘ ሆድ ነው። ደግሞ ሌላም ይመጣብኛል፤ እውነት እነሱ ልክ ቢሆኑስ? ጫማ ከላይ ሲያዩት አምሮ ከሥር ውሃ የሚያስገባ ስንት አለ፣ እኔ ስለ አንጀት ምን አውቃለሁ? ቢሆንም ባይሆንም ሰውየው የሚፈርደው እኔ በነገርኩት ነው፣ የነገርኩት ደግሞ ሐሰት ነው። ጋሽ ወስፌ ቢኖር ደንበኛ «የት የት ረገጥክበት» ተብሎ ሲዋሽ የሚያደርገውን ያደርገኝ ነበር፣ ጫማውን ወርውሮ ይመልስለታል።

ስልኬ ትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል። እትዬ ናት። ታላቅ እህቴ ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል፣ በሳምንት በሳምንት በዚህ ቀን ትደውላለች፣ ሆስፒታል መግባቴን ግን አታውቅም። ካሜራው ተበላሽቷል ብያታለሁ፣ ሥራ በዝቷል ብያታለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እማዬ ታማ ነበር፤ ሁለት ወር ተኝታ፣ በስንት መከራ ድና ቤቷ ገባች፤ መታመሟንም መዳኗንም እኔ የሰማሁት በአንድ ቀን ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ደህና ናት፣ ደህና ናት ስትዪኝ አንጀትሽ እንዴት ቻለ?» ብዬ ጮህኩባት። «አንተ እዚያ ብቻህን ሆነህ ሰምተህ ምን ልትፈይድ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት፣ ከዚያ ታረቅን፣ ተማማልን፣ ከእንግዲህ ላትደብቀኝ ላልደብቃት፣ እማዬ ትሙት ብዬ። ይኸው መሐላዬን በልቼ ተኝቻለሁ። እብጠቱን የነገሩኝ ዕለት ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ፣ ስሟ ላይ ጣቴን አሳርፌ ነበር፣ ከዚያ «እሷስ እዚያ ሆና ሰምታ ምን ትፈይዳለች» አልኩ፣ ቃል በቃል የሷኑ ንግግር፣ ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰው የሚደብቀው ለሌላው አዝኖ ብቻ አይደለም፣ ከተናገረው እውነት ስለሚሆንበት ነው። ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ካላነሳሁት ሰባት ጊዜ ትደውላለች፣ ስምንተኛው ላይ አሠሪዬን ፍለጋ ትነሳለች፣ አውቃታለሁ፣ አነሳሁት።

«ምነው ታንሾካሹካለህ?» አለች ሄሎ እንዳልኩ። ሰው ተኝቷል አልኳት። «በዚህ ሰዓት? ሱቅ ውስጥ?» ጉድ ፈላ። ደንበኛ ነው፣ ጫማው እስኪደርስለት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው አልኩ። «ምን ዓይነት ወንበር ነው ደግሞ እንቅልፍ የሚያስወስድ» አለች። ወሬ ለማስቀየር እማዬስ አልኳት፤ ጋደም ብላለች አለች። ልክ በዚህ ሰዓት ሽማግሌው ጎረቤቴ በእንቅልፍ ልባቸው አንዱን ለቀቁት፣ ረጅም ነው፣ ሲጀምር ወፍራም ነው ሲጨርስ ይቀጥናል፣ የብረት አልጋው ራሱ የመለሰለት መሰለኝ። «ምንድነው እሱ?» አለች እትዬ። ምኑ አልኳት። «አንተ! ደንበኛህ ነው?» ብላ በዚያ በልጅነታችን በጸሎት መሃል በሚያመልጣት ሳቋ ፈነዳች፣ እኔም መቻል አቃተኝ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ «ኧረ በማርያም አታስቂኝ እትዬ፣ ስፌቴን!» አልኩ። ሳቋ ቆመ። «የምን ስፌት?»

በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። እብጠቱን፣ መቆረጡን፣ ክሩን፣ ከደም የሚሠራውን ሙጫ፣ አምስተኛውን ቀን፣ ከረጢቱን፣ ማሽኑን። «አምስት ቀን» አለች፣ «ሆድህን ተቀደህ፣ ውሃ የሚያቀብልህ ዘመድ ሳይኖር፣ አምስት ቀን» ብላ አለቀሰች፣ እኔም ዓይኔ ሞላ፣ ይቅርታ እትዬ አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት፣ ብዙ ነገር ነው የተጸጸትኩት። «ዝም በል!» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «መጀመሪያ ይሄን ንገረኝ። ፈሳህ አልፈሳህም?» እትዬ! አልኳት። «መልስልኝ!» ሁለት ቀን ሆነኝ አልኩ በቀጭን ድምፅ። «ለሐኪሙ ነገርከው?» አስተርጓሚዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ጋሼ ነው የምትለኝ አልኳት። «ጋሼ ስላለችህ ሆድህን ልታስቀድድ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? እኔን ስትደብቀኝ ይሁን፣ እኔም ደብቄህ አውቃለሁ፣ ሐኪም ይደበቃል? ጥራቸው! አሁን! እኔ እየሰማሁ ጥራቸው!»

በአምስት ቀን ውስጥ ያንን ደወል ነክቼው አላውቅም፣ ሰው ላለማስቸገር ብዬ። ተጫንኩት። ነርሷ ሮጣ ገባች፣ አንድ ነገር የሆንኩ መስሏት ፊቷ ነጥቷል፣ ስልኩን አምጪ ብዬ በእጄ አሳየኋት፣ የነሱን ስልክ ከኔ ስልክ ጎን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። ዕድሌ ሆኖ ያችው ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለች ደንግጣ። «እ... የኔ ልጅ» አልኩ፣ «ያን ዕለት የጠየቅሽኝ... ያ ነገር...» ብዬ ተተከልኩ፣ ላቤ መጣ፣ መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይሄኔ ከአንደኛው ስልክ እትዬ ጮኸች፤ «የኔ እመቤት፣ ፈስቷል በያቸው! ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈሳ ነው የከረመው! ሾርባውንም እምቢ ያለው አፍሮ ነው እንጂ ርቦታል!» ከዚያ ልጅቱ ሳቀች፣ ማስተርጎም እስኪያቅታት ሳቀች፣ «ይቅርታ ጋሼ» ትላለች መልሳ ትስቃለች፣ «እኔ ራሴ ያን ዕለት ስጠይቅዎ ላብ አጥምቆኝ ነበር፣ በፍጹም ሲሉኝ ገላገሉኝ ብዬ ነበር እኮ!» አለች። በመጨረሻ አስተረጎመች። የነርሷ ዓይን ተበለጠጠ። ስንት ጊዜ ብላ በጣቷ ጠየቀች፤ እኔም አንድ እጄን ዘረጋሁ፣ አስቤበት ሁለተኛውንም ጨመርኩ። አጨበጨበች! ሽማግሌው ነቁ፣ ነገሩ ተነገራቸው፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው እሳቸውም አጨበጨቡ፣ ማዶ ያሉት ሁለቱም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ብስበው ነርሷ ገፈፈችኝ፣ ከሥሩ ሁለተኛውን አገኘች፣ ከላይ ጃኬቱን አገኘች፣ ግንባሬን ነክታ የሆነ ነገር ብላ ሁሉንም ሰብስባ ወሰደችው።

ከቀጠሮው ቀድሞ ጠብ ጠብ እያለ መጣ። ሆዴን በአራቱም በኩል ተጫነው፣ ያማል ወይ አለኝ፣ ቁስሉን እንጂ ውስጡን አያመኝም አልኩ፣ ከዚህ ወዲያ መዋሸት የለም፣ ጆሮውን ወደ ሆዴ አስጠግቶ በመሣሪያው አዳመጠ፣ ብርድ ልብሶቹ ከተገፈፉ ወዲህ የወረደውን ሙቀት አየ። እትዬ በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ውጣለች፣ ይሰማኛል፣ አለመናገሯ ይሰማኛል። «ሆድዎ ለስላሳ ነው» አለች ልጅቱ ተከትላው፣ «አንጀትዎ ይሠራል። ማሽኑ ለዛሬ ይቆይ፣ የደም ምርመራውን ነገ ጠዋት ያየዋል፤ የመከፈቱን ነገር ግን እንዲረሱት ነው የሚልዎ። ሾርባ ይጠጡ፣ ከዚያ ተነስተው ይራመዱ።» የያዘው ሙጫው ነው ወይስ ክሩ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ትከሻውን ሰበቀ። «ሙጫው ይሁን ክሩ ይሁን የእርስዎ ሥጋ ይሁን አላውቅም ይላል። ብቻ ይዟል።» ይሄን ሰው ጋሽ ወስፌ ቢያገኘው ሱቁን ያወርሰው ነበር። እኔም የቀኝ ጫማህን ነገ ይዘህልኝ ና በይው አልኩ፤ እግሩን አየ፣ ጆሮው ቀላ፣ እሱም ለካ ሰው ነው።

ነርሷ ሾርባውን ይዛ ቆማለች። ትፈልጋለህ አለችኝ። «አይ፣ ይቅር...» አለ አፌ። «በሞቴ!» ብላ እትዬ ጮኸች። ልጅቱ ለነርሷ ነገሩን ታብራራለች፣ ነርሷ እየሰማች አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ከአልጋዬ ግርጌ የተንጠለጠለውን ወረቀት አንስታ እየተናገረች ትጽፍበታለች፤ እምቢ ሲል ደጋግማችሁ ጠይቁት ብላ ጻፈች አለችኝ ልጅቱ። ከዚያ ነርሷ ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠግታ «በ...ሞ...ቴ» አለች፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተንከባለለ። እንግዲህ እንዲህ ካልሽ አልኳት። ጨው የለውም፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ እንደሱ የጣመኝ ነገር ግን በሕይወቴ የለም፤ ሲወርድ ተከተልኩት፣ በደረቴ አለፈ፣ ሆዴ ገባ፣ የቀጠሉኝ ቦታ ይደርሳል ብዬ ባሰብኩት ሰዓት ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምንም አላለኝም።

«ያዝ፣ የምታነጋግርህ ሰው አለች» አለች እትዬ። ጋደም ብላለች የተባለችው እናቴ ናት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእህቴ ጎን ተቀምጣ፣ ደንበኛው ከተኛበት ጀምሮ፣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። እትዬ ዛሬም ደበቀችኝ ማለት ነው፣ ከዚህ ቤተሰብ ጋር መሐላ ምን ዋጋ አለው! «እማዬ» አልኩ፣ «ይቅር በዪኝ፣ ደብቄሽ...» «ተወው» አለች፣ «እናንተ ልጆች ተደባብቃችሁ ትሞታላችሁ፣ እኔ እንደሁ ሁሉን እሰማለሁ።» እኔም ሐፍረቱ መልሶ ያዘኝና «ጉዴን ሰማሽልኝ እንግዲህ፣ ያንን ሁሉ ሥርዓት አስተምረሽ አሳድገሽኝ» አልኳት። «ስትወለድ ድምፅ አልነበረህም» አለችኝ። «ዝም ብለህ ነው የወጣኸው። አዋላጇ ዘቅዝቃ ስትመታህ እኔ አለቀሰ ወይ፣ አለቀሰ ወይ ነበር የምለው፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ከዚያ ድምፅህን ሰማሁ። ልጄ፣ ድምፅህ ይሰማኝ እንጂ፣ በየትም በኩል ይምጣ።»

ሳቅኩ፣ ስፌቴን ያዝኩት፣ አለቀስኩም መሰለኝ፣ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ነርሷ መስኮቱን ከፍታለች፣ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው የተወችልኝ፣ ንፋሱ ይገባል፣ ይግባ። ስልኩ ትራሴ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ እትዬና እማዬ እኔን ረስተውኝ እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ፣ በዚህ ቤት መደበቅ የጀመረው ማን ነው፣ አንቺ ነሽ፣ አይ አንቺ ነሽ፣ አባትሽ ናቸው። አንዳቸውም ስልኩን አይዘጉም። ሽማግሌው ማንኮራፋት ጀምረዋል፣ የዶክተሩ ጫማ በኮሪደሩ ጠብ ጠብ እያለ ይርቃል፣ እኔም ፀሐይ በመጋረጃው እያየችኝ፣ በቀን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ተኛሁ።